የተዝካሩ ስልሳ ብር

መጥሪያው የመጣ ዕለት እናቴ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ ደብቃ ቆመች። የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ወረቀቱን ይዘረጋል፤ እሷ ወደ ጓዳ ታፈገፍጋለች። ያን ጊዜ ቢቸና ላይ የክስ ወረቀት እጅ ካልነካው አልደረሰም ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነበር፤ እናቴም ከእነሱ አንዷ ነበረች።

«እሜቴ፣ ይቀበሉኝ እንጂ። ገና የምሄድበት ቤት አለብኝ» አላት መልእክተኛው።

«እጄ ሊጥ ነክቷል» አለች።

ሊጥ የሚባል ነገር ያን ቀን በቤታችን አልነበረም። መልእክተኛው ግን እንዲህ ያለውን የለመደ ስለሆነ አልተከራከራትም። ከመንገዱ ድንጋይ አነሣ፣ ከኪሱ ሚስማር አወጣ፣ ወረቀቱን በራችን ላይ መታና «ደርሶዎታል» ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እናቴ በሩን የምትገፋው በክርኗ ሆነ። በማግስቱ የጎረቤት ፍየል መጥታ የወረቀቱን ጠርዝ መቅመስ ስትጀምር እናቴ ደጃፍ ላይ ጥጥ እየፈተለች ዝም ብላ ታያታለች።

«እማ! ፍየሏ እኮ እየበላችው ነው!»

«ተያት። የእግዜር እንስሳ ናት፤ ትብላ።»

ሮጬ ከአፏ ነጠቅኳት። አንዱ ጥግ ተበልቷል፤ ጽሑፉ ግን ደህና ነበር። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ በቤታችን የማነበው እኔ ነኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሞጣ የሚኖር የጨርቅ ነጋዴ ልጅ እናቴን ከሷታል። ሟች አባቴ ከእሱ ሟች አባት በዱቤ የወሰደው የአቡጀዲና የካኪ ዋጋ፣ ስልሳ ብር፣ አልተከፈለም ይላል። ተከሳሽ መልሷን በጽሑፍ ይዛ በቀጠሮው ቀን ሞጣ እንድትቀርብ፤ ባትቀርብ ግን በሌለችበት እንደሚወሰን።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሞጣው ነጋዴ ጣቃ ጨርቅ በዱቤ ያመጣል፤ ሰፍቶ ቢቸና ገበያ ይሸጣል፤ ሲሸጥለት ይከፍላል። በመካከላቸው ፊርማም ምስክርም አልነበረም፤ ቃላቸው ይበቃቸው ነበር። አባቴ ሲሞት የስፌት መኪናዋ ለእኔ ቀረች። መስፋቱን እሱ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ተምሬው ስለነበር ሥራው አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሰው ነው። ወንድ ሲመጣ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ እኔ ከመጋረጃ ኋላ እሰፋለሁ፤ እናቴ ደጅ ላይ ደንበኛውን በገመድ ትለካለች። ለወገቡ አንድ ቋጠሮ፣ ለቁመቱ ሌላ ቋጠሮ ትቋጥርና ገመዱን በመጋረጃው ሥር ትሰድልኛለች። ፊታቸውን ሳላይ የግማሹን ቢቸና ወገብ አውቅ ነበር ብል ውሸት የለውም።

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ወሬውን ሰምተው በዚያው ቀን መጡ። አጎቴ ክርክር የሚባል ነገር ከምግብ ይወዱ ነበር። በጎልማሳነታቸው ዳኛ ፊት ቆመው፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን እያወዛወዙ ሲሟገቱ ሰው ሥራ ፈትቶ ይሰማቸው ነበር ይባላል። ወረቀቱን አስነበቡኝና በከዘራቸው ጫፍ ወደ መጋረጃው አመለከቱ።

«ከተፈረደባችሁ የምትያዘው ያቺ መኪና ናት። በሐራጅ ትሸጣለች።»

እስከዚያ ድረስ ነገሩ የእናቴና የፍየሏ ነገር መስሎኝ ነበር። መኪናዋ ስትጠራ ግን የእኔም ነገር ሆነ። ያለ እሷ እንጀራ የለንም፤ ለእኔ ደግሞ ከሰው ፊት የምከለልባት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

«ዕዳውን እኮ ከፍያለሁ» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«ለማን? መቼ?»

ነገረችን። አባቴ ከሞተ በኋላ ዕዳው ሲከብዳት፣ እኔ የሰፋሁትንና እሷ የፈተለችውን እየሸጠች ብሩን አጠራቀመች። ስልሳ ሲሞላላት የሞጣው ነጋዴ ሞቱ የሚል ወሬ መጣ። ለአርባቸው ተዝካር ወደ ሞጣ ሄደች። ብሩን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ወስዳ፣ ዳሱ ውስጥ ሐዘን ላይ ለተቀመጡት ለነጋዴው ባለቤት በእጃቸው አስጨበጠቻቸው።

«ምን ብለሽ ሰጠሻቸው?» አሉ አጎቴ።

«‹ይችን ለእሳቸው› ብዬ።»

«‹ዕዳ ነው› አላልሽም?»

«ጋሼ! ፀጉሯን ተላጭታ ለምታለቅስ ሴት፣ በተዝካር ላይ፣ ዕዳ ብዬ አፌን ልከፍት?»

አጎቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ጣሉት። ነገሩ ለእኔም ያኔ ገባኝ። ወደ ተዝካር የሚመጣ ሰው ሁሉ እንደ አቅሙ እህልም ብርም ያዋጣል። የእናቴ ስልሳ ብር ከመዋጮው ጋር ተደባልቋል። ሴትዮዋ የለቅሶ እርዳታ ነው ብለው ተቀብለዋል፤ ልጃቸው ደግሞ ዕዳው እንዳለ ነው ብሎ ከሷል።

«ቀላል ነው» አሉ አጎቴ። «ጨርቅ የሚባል አልወሰድንም ብለን እንክዳለን። ፊርማ የላቸው! እኔ ቆሜ፣ ብረታ በቅሎ እሰጥ ብዬ ተወራርጄ እሟገታለሁ።»

«አልክድም። ወስዷል።»

«እንግዲያው በተዝካሩ የሰጠሁት ዕዳዬን ነው በያ!»

«እሱንም አልልም። ለሙት የሰጠችውን መልሱልኝ አለች ልባል? ሞቼ እገኛለሁ!»

በዚህ መካከል መልሱን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ከትምህርት ቤት የተረፈኝን ደብተር አምጥቼ፣ እናቴ እንድጽፍ የፈቀደችውን ብቻ ጻፍኩ፦ «ባለቤቴ ጨርቁን መውሰዱን አልክድም። ዕዳውን ግን ከፍያለሁ።» ሌላ ምንም የለውም። አጎቴ ሲነበብላቸው ሰሙና «ይህ መልስ ነው ወይስ የሰላምታ ደብዳቤ?» አሉ።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን እህል በጫነ ካሚዮን፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወደ ሞጣ ሄድን። አጎቴ የሙግት ኩታቸውን በሌላ ኩታ ጠቅልለው አቧራ እንዳይነካው ታቅፈውታል። መንገዱን ሙሉ የሚናገሩትን ይለማመዱ ነበር። ካሚዮኑ ጉድጓድ ሲገባ ቃሉ ይቆረጥባቸውና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ከፍርድ ቤቱ ቅጥር ውጪ ባለ ዋርካ ሥር ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። የእኔን ወረቀት ገልብጦ በወጉ እንዲጽፍልን ሰጠነው። አነበበና ቀና ብሎ እናቴን አያት።

«ከፍያለሁ ብቻ? ዳኛው የት፣ መቼ፣ ማን ፊት ነው የከፈልሽው ይላል። ምስክር ቁጠሪ እንጂ፣ እናቴ።»

«የተጻፈውን ጻፍ።»

«ይህን ይዘሽ ብትገቢ ይፈረድብሻል።»

«ጻፍ አልኩህ።»

ጻፈ። እናቴ በአውራ ጣቷ ፈረመች፤ መልሱን መዝገብ ቤት አስገባን። ስንወጣ እኔ ልቤ መኪናዋ ላይ ነበር። የሰው ቤት ስትገባ፣ ሌላ ሰው ሲሰፋባት ይታየኛል።

ማደሪያ ፍለጋ ወደ ገበያው ስንወርድ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ከፊት ለፊታችን ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አንቺ! የቢቸናዋ!» ብለው እናቴን አንገቷን ይዘው ይስሟት ጀመር። ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እንደገና ጉንጯን። «ሞጣ መጥተሽ እኔ ቤት ሳትገቢ? ሰው የለኝም ብለሽ ነው?»

የነጋዴው ባለቤት ነበሩ። ልጃቸው እንደከሰሰን እንዳልሰሙ ከአሳሳማቸው ያስታውቃል። እናቴ ምን ትበል? ልጅዎ ከስሶኝ ነው የመጣሁት አይባልም። «ለጉዳይ ነው፣ እትዬ፤ ነገ እንመለሳለን» አለች። ሴትዮዋ ግን ስንቃችንን ከእጄ ነጥቀው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀምረዋል።

አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «ከሳሽ ቤት የሚያድር ተከሳሽ የት አገር ታይቷል?» አሉኝ። ይህን እያሉ ግን ከሁላችን ቀድመው ይራመዱ ነበር።

ቤታቸው ደርሰን ገና ሳንቀመጥ ሴትዮዋ ለገቡ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ እናቴን ያሳዩ ጀመር። «ይች ናት ያልኳችሁ! ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የምታሳድግ፣ ለባለቤቴ ተዝካር ስልሳ ብር ያስጨበጠችኝ! የሥጋ ዘመድ አንድ ብር፣ ሁለት ብር ሲሰጠኝ!» ጎረቤቶቹ ተነሥተው እጅ ነሷት። እናቴ የምትገባበት አጣች።

«እስካሁን ብድሬን አልመለስኩም» አሉ ሴትዮዋ። «ለእናንተ ለቅሶ ይዤው የምመጣ ሙክት አሳድጌ ይኸው ጓሮ ታስሯል። ምን ያደርጋል፣ ቤታችሁ ሞት አልመጣ!» ከዚያ ያሉት ነገር ለራሳቸው ተሰማቸውና አፋቸውን ያዙ። «ኧረ አይምጣ! ኧረ ይራቅ!»

አጎቴ ተቆጡ። «ለመሆኑ ማን ይሞታል ተብሎ ነው ሙክቱ የሰባው?»

«በዕድሜማ ከሆነ እርስዎ ይቀድሙ ነበር» አሉ ሴትዮዋ ሳቃቸውን እየዋጡ።

መብራት ሲበራ ልጃቸው ሱቁን ዘግቶ መጣ። ገና ሪዙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነው፤ ሰላምታው ትሕትና ያለበት። ማዕድ ቀርቦ አብረን ተቀመጥን።

«እንግዶቹ ከየት ናችሁ?» አለ።

«ከቢቸና» አሉ አጎቴ።

«ቢቸና የማን ቤት?»

«የልብስ ሰፊው» አለች እናቴ ሰሐኑን እያየች።

የቆረሰው እንጀራ እጁ ላይ ቀረ። ከእናቴ ወደ አጎቴ፣ ከአጎቴ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩ። እንግዳ ገና አልጠገበም፤ ማዕድ ላይ ስለ ክስ አይወራም፤ ስለዚህ እሱም ቃሉን ዋጥ አደረገ።

«ምን ያፈዝሃል? አጉርሳቸው እንጂ!» አሉ እናቱ። «የአባትህ ባለውለታ ናቸው!»

ከሳሽ ተከሳሽን አጎረሰ። እናቴ በዓይኗ እንባ ሞልቶ ጎረሰች። ሴትዮዋ ያን አይተው «አየህ፣ እንዴት ሩኅሩኅ ናት» አሉት።

ነገ የሚሆነውን ቁጭ ብዬ አየሁት። ዳኛው የት ከፈልሽ ይላሉ፤ እናቴ ዝም ትላለች፤ ይፈረዳል፤ መኪናዋ ትሄዳለች። ይህን ማስቆም የሚችሉት ሴትዮ እዚህ ከፊቴ ተቀምጠው ወጥ ይጨምሩልኛል። አጎቴን እንዳይናገሩ እናቴ ከቢቸና ስንነሣ አስምላቸዋለች። የቀረሁት እኔ ነኝ።

«እትዬ» አልኩ በነጠላዬ ውስጥ። «ያ ስልሳ ብር የጨርቁ ዕዳ ነበር።»

«ምን አለች?» አሉ ሴትዮዋ ጆሯቸውን አቅርበው።

አንድ ጊዜ መናገር ሞት ነው፤ እንዲደግሙት መባል ግን ከእሱ የባሰ ነው። እናቴ በጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ።

«ያ ስልሳ ብር ዕዳ ነበር! አባቴ በዱቤ የወሰደው የአቡጀዲና የካኪ! ልጅዎ ከሶናል። ነገ ቀጠሮ አለን።»

ሳላስበው ጮኼ ነበር። ጓሮ ያለው ሙክት እንኳ ሰምቶ ጮኸ።

ሴትዮዋ ወደ እናቴ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «በሐዘን ላይ ተቀምጠው ዕዳ ልበልዎ? ያውቃሉ ብዬ ነበር።»

«እኔ ምኑን አውቄ! ንግዱ የእሳቸው ነበር!» ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ የሚወዱትን ነገር የተነጠቁ ነው የመሰሉት። «ሞጣን በሙሉ አዳርሼው! የቢቸናዋ እንዲህ አደረገችልኝ እያልኩ!» ከዚያ ልጃቸው ላይ ዞሩ። «አንተስ? እኔን ሳትጠይቅ ሰው ትከሳለህ?»

«አባባ ታመው ሳሉ ያልከፈሉትን በቃላቸው ነገሩኝ፣ ይኸው እነሱን ነው የከሰስኩት» አለ ልጁ። «የቢቸናው ሰፊ ስልሳ ብር አሉኝ። አንቺ መቼ ተቀበልኩ አልሽኝና?»

«ለተዝካር ነዋ የተቀበልኩት!»

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ዕዳው ዕዳ ከሆነ» አሉ፣ «የሙክቱ ነገር እንዴት ሊሆን ነው?»

መጀመሪያ ሴትዮዋ ሣቁ። ሐዘን የጎዳው ሰው እንደዚያ ሲሥቅ አይቼ አላውቅም፤ የጥቁር ነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ወደ ጎን ተደፉ። ልጁም ሣቀ። እናቴ ግን አልሣቀችም።

በማግስቱ ከአንድ ቤት ወጥተን ከከሳሻችን ጋር ጎን ለጎን ወደ ፍርድ ቤት ሄድን። ዋርካው ሥር ያለው ጸሐፊ አፉን ከፍቶ ቀረ። ችሎቱ ውስጥ ከዳኛው ራስ በላይ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የዳኛው ፊት ከሥዕሉ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

«ከሳሽ?»

«ክሱን አንስቻለሁ፣ ጌታዬ። ተከፍሎናል።»

«መቼ ተከፈላችሁ?»

«ከመክሰሴ በፊት። ለእናቴ፤ በአባቴ ተዝካር ላይ።»

ዳኛው መልሳችንን አንሥተው አዩትና ወደ እናቴ ተመለከቱ። «ይህን ለምን በመልስዎ አልጻፉትም?»

እናቴ የመቀነቷን ጫፍ ትቋጥር ጀመር። ዳኛው ጠበቁ።

«ነውር ስለሆነባት ነው» አልኩ። ይህኛውን እንድደግመው የጠየቀኝ አልነበረም።

«ገንዘብ ሲከፈል ደረሰኝ መቀበል ነውር የለውም» አሉ ዳኛው።

«ከሐዘንተኛ?» አለች እናቴ። ዳኛው ከንፈራቸውን ነክሰው መጻፍ ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ አጎቴ የታቀፉትን ኩታ ፈትተው፣ አጣፍተው፣ ወደ መካከል ወጥተው ኖሯል። ከዘራቸውን አነሡ። «ክቡር ዳኛ! በቅሎ እሰጥ...»

«አባቴ፣ ይቀመጡ። ክሱ ተነሥቷል።»

«ሳልናገር?»

«ሳይናገሩ።»

ቢቸና እስክንገባ ድረስ ያቋረጧቸውን ንግግር በካሚዮኑ ላይ ለእኛና ለጆንያዎቹ ጨረሱት። ቤት ስንደርስ እናቴ መጋረጃውን ገልጣ መኪናዋን በእጇ ዳሰሰቻት።

«እሷን አተረፍሽ» አለችኝ። «ሞጣ ላይ የነበረኝን ስም ግን ጥለሽብኝ መጣሽ።»

ስሙን አልፈለገችውም ነበር፤ እጅ ነሥተው ሲያከብሯት ግን ደስ እንዳላት እኔም አይቻለሁ።

የነጋዴው ሙት ዓመት ሲደርስ እናቴ ልሂድ አለች፤ እኔንም አስከተለችኝ። አጎቴም ሳይጠሩ ተነሡ። ዳሱ ሙሉ ነበር። እናቴ በመቀነቷ የቋጠረችውን ሁለት ብር ፈታች፤ እኔ በዚያችው መኪና የሰፋሁትን የአቡጀዲ ቀሚስም ከላዩ ጨምራ ለሴትዮዋ ዘረጋች።

ሴትዮዋ አልተቀበሉም። እጃቸውን ልክ እናቴ ለመልእክተኛው እንዳደረገችው ወደ ኋላ ደበቁ።

«ቆይ፣ ቆይ! ይችኛዋ ምንድን ናት? ሰው ፊት ይነገረኝ!»

ዳሱ በሣቅ ተናወጠ። ታሪኩን ለካ ለሞጣ ሁሉ ነግረዋል፤ እናቴ የምትታወቀውም በተዝካር ዕዳዋን የከፈለች፣ እሱንም አልናገርም ያለች ሴት ተብላ ሆኗል። እናቴ ቀላች። ከዚያ ክርኔን ይዛ ወደ ፊት ገፋችኝ።

«ንገሪያቸው። መናገሩን የጀመርሽው አንቺ ነሽ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ነጠላዬን አወረድኩ።

«ይህ የሙት ዓመት ነው» አልኩ። «ዕዳ የለብንም።»

«እንዲያ ከሆነ እቀበላለሁ» አሉና ቀሚሱን ከደረታቸው ላይ ለክተው አዩት። ሳልለካቸው የሰፋሁት ቢሆንም ልክ ሆኖላቸዋል። እናቴ ያኔ ሣቀች፤ ከክሱ ወዲህ ገና መሣቋ ነው።

ሙክቱ በዚያ ቀን ታርዶ ነበር። አጎቴ ከጎድኑ ደርሷቸው እየጋጡ፣ በሕይወት ሳሉ ከገዛ ለቅሷቸው የበሉ ሰው እሳቸው ብቻ መሆናቸውን አጠገባቸው ለተቀመጠው ሁሉ ያስረዱ ነበር።